የረሳ ሰው የጠፋ ሰው አይደለም

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጸጋዎች አንዱ ትናንት ያየውንና የሰማውን ይዞ ለነገ ማሳደር መቻሉ ነው። ይህ ጸጋ ባይኖር ልጅ ከአባቱ፣ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ፣ አዲስ ሠራተኛ ከነባር ሠራተኛ ምንም ነገር ሊማር ባልቻለ ነበር። በአገራችንም «ልበ ብሩህ ነው» እየተባለ የሚመሰገነው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ የሰማውን የማይረሳ ሰው ነው።

ከዚህም የተነሣ አንድ የተከበሩ አባት ወይም አንዲት እናት የተናገሩትን ደግመው መናገር፣ ያስቀመጡትን ዕቃ ማጣት፣ የቀጠሮ ቀን መሳት በጀመሩ ጊዜ ቤተሰብ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ላይ ሲወድቅ ይታያል። አንዱ ወገን «ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ሌላው ወገን ደግሞ «ጃጁ፤ ከእንግዲህ አበቃላቸው» ብሎ ገንዘቡንም፣ ቁልፉንም፣ ምክሩንም፣ ጨዋታውንም በአንድ ቀን ከእጃቸው ይወስዳል። የመጀመሪያው ስሕተት ሊድን የሚችለውን ሕመም ያለ ሕክምና ያስቀራል። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ሕመሙ ያልወሰደውን ነገር ቤተሰቡ ራሱ እንዲወስደው ያደርጋል።

በነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሰፊ መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ይረሳል፤ ነገር ግን ቤቱን ያስተዳድራል፣ ከወዳጁ ጋር ይጫወታል፣ ምክር ይሰጣል፣ ይደሰታል፣ ያዝናል። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሰውና እርሱ ደኅና ኑሮ ይኖር ዘንድ ሊደረግለት ስለሚገባው ነገር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እናሳስባለን።

መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም

የሕክምና ሊቃውንት በዕድሜ የገፋውን ሰው መርሳት በሦስት ደረጃ ከፍለው ያዩታል። የመጀመሪያው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ተራ ዝንጋታ ነው። ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬ የት ሄደ» ይላል፤ የወዳጁ ስም ጠዋት ይጠፋበትና ከሰዓት በኋላ ሳያስበው ድንገት ትዝ ይለዋል። ስሙ ዘገየ እንጂ አልጠፋም። ይህ በሽታ አይደለም።

በሌላው ጫፍ ያለው ፈረንጆቹ «ዲሜንሺያ» የሚሉት የመርሳት በሽታ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ባደገበት ሰፈር መንገድ ይጠፋበታል፤ ገንዘብ መቁጠር፣ ምግብ ማብሰል፣ ውሎ አድሮም ልብስ መልበስ ያለ ሰው እርዳታ አይሆንለትም። ከዚህ በሽታ መንስኤዎች ዋነኛው አልዛይመር የተባለው ሲሆን፣ ስሙም የተገኘው በ1906 በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ የአንዲት ሴትን ሕመምና ከሞተች በኋላ በአንጎልዋ ውስጥ ያየውን ለባልደረቦቹ ካስረዳው ከሐኪሙ ከአሎይስ አልዛይመር ነው።

የኛ ነገር ያለው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ነው። በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ዶክተር ሮናልድ ፒተርሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ ደረጃ የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ለይተው አስቀመጡ። እነዚህም ሰውዬው ራሱ ወይም ቤተሰቡ የማስታወስ ችሎታው እንደ ቀነሰ መናገራቸው፣ በፈተና ሲታይም ከእኩዮቹ ዝቅ ብሎ መገኘቱ፣ ነገር ግን ሌላው አስተሳሰቡ ደኅና መሆኑና የዕለት ኑሮውን ራሱ ማካሄድ መቻሉ ናቸው። እኛም ይህን ሁኔታ «ቀላል የአእምሮ ድክመት» ብለን እንጠራዋለን። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ሰው የመብራትና የውኃ ሒሳቡን ራሱ ይከፍላል፤ ነገር ግን ከፍሎ መምጣቱን ለማረጋገጥ ደረሰኙን ሁለት ሦስት ጊዜ ማየት ያስፈልገዋል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 ባወጣው መመሪያ እንደ ተገለጸው፣ ይህ ድክመት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 64 በሆነ ሰዎች ዘንድ ከመቶ 6.7 ያህሉን ያገኛል። ከ75 እስከ 79 ባሉት ዘንድ ወደ 14.8፣ ከ80 እስከ 84 ባሉት ዘንድ ደግሞ ወደ 25.2 ከፍ ይላል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜ 60 መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ ሳይሆን በየቤታችን ሊገባ የሚችል መሆኑን እንረዳለን።

በዚሁ መመሪያ እንደ ተመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ሆኖ ይህ ድክመት ካለባቸው ሰዎች መካከል በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ መርሳት በሽታ የተሻገሩት ከመቶ 15 ያህል ናቸው። ዓመታት በተጨመሩ ቍጥር የሚሻገሩት እየበዙ መሄዳቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ብዙዎች ባሉበት ደረጃ ላይ ይቆያሉ፤ አንዳንዶቹም እንደገና ሲመረመሩ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመልሰው ይገኛሉ። ስለዚህ «ረሱ» በተባለበት ቀን «አበቃላቸው» ብሎ መፍረድ ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ምክንያቱም መርሳትን የሚያመጡ፣ ነገር ግን ሊታከሙ የሚችሉ ብዙ ነገሮች አሉ። የቪታሚን ቢ 12 ማነስ አንዱ ነው፤ በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከም ሌላው ነው፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች የሽማግሌን አእምሮ ያፈዝዛሉ። ብዙ አልኮል መጠጣት እንዲሁ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ብርቱ ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ሰውም አእምሮው ሳያርፍ ስለሚያድር ቀኑን ሙሉ ፈዝዞና ዘንግቶ ይውላል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ኀዘን ነው። የትዳር ጓደኛቸውን የቀበሩ፣ ከሥራ የተሰናበቱ፣ ልጆቻቸው ወደ ሩቅ አገር የሄዱባቸው ሰዎች በልብ ኀዘን ተውጠው ሳለ ጃጁ ይባላሉ። ይህ ዓይነት ድባቴ ሕክምና አለው፤ ድባቴው በተሻለ ጊዜም ማስታወሱ ሊሻሻል ይችላል።

ጆሮና ዓይንም መመርመር አለባቸው። መቼም ሰው ያልሰማውን ሊያስታውስ አይችልም። ቤተሰብ «ትናንት ነግሬያቸው ዛሬ ረሱት» የሚለው ነገር፣ ሲመረመር ትናንት በግማሽ ብቻ ተሰምቶ የነበረ ነገር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዓይን ሞራ የጋረደው ሰውም የሰላምታ ሰጪውን ፊት ሳይለይ ቢቀር ረስቶት ላይሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እዚህ ላይ መስጠት ያስፈልጋል። ከላይ የተናገርነው ቀስ እያለ በወራትና በዓመታት ስለሚመጣው መርሳት ነው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መደናገር፣ አፍ መያያዝ ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር መድከም ሲታይ ግን ነገ ዛሬ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ ያሻል።

ልማድ ስለ ተባለው ሁለተኛው ትዝታ

በአእምሮ ውስጥ ያለው ትዝታ አንድ ጎተራ ብቻ እንዳልሆነ ያስተማረን አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ሄንሪ ሞለይሰን የተባለ አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታ እንዲድን ሲባል በ1953 በሁለቱም ወገን ከአንጎሉ ውስጥ ጥቂት ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። የሚጥለው በሽታ ቀለል አለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ የሚሆነውን ነገር ሁሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚረሳ ሰው ሆነ። እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስም እንደዚሁ ኖረ።

በካናዳ የሞንትሪያል ተመራማሪ የነበሩት ብሬንዳ ሚልነር ይህን ሰው አንድ ነገር አለማመዱት። እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል አደረጉት። ሥራው ለማንም ሰው አስቸጋሪ ነው። እርሱ ግን በሦስት ቀን ልምምድ ውስጥ እየተሻሻለ ሄደ፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደ ነበር ከቶ አያስታውስም ነበር። አእምሮው የረሳውን እጁ ተምሮት ተገኘ ማለት ነው።

የሞለይሰን ጉዳት ከቀላል የአእምሮ ድክመት እጅግ የከበደ ነበር። ቢሆንም ለቤታችን የሚጠቅም ትምህርት እናገኝበታለን፤ ይኸውም የትናንቱ ጨዋታ በሚጠፋበት ጊዜ እንኳ ልማድ ሊተከል የሚችል መሆኑ ነው። ስለዚህ የቤት ቁልፍ ከበሩ አጠገብ ባለ አንድ ምስማር ላይ ብቻ ይሰቀል፤ መነጽሩ፣ የኪስ ቦርሳውና ስልኩ ለዘወትር የተመደበ አንድ ቦታ ይኑራቸው። መድኃኒት በየቀኑ ተከፋፍሎ በተለየ ሣጥን ይቀመጥ፤ ከቁርስ ጋር ይወሰድ የተባለውም ዘወትር ከቁርስ ጋር ይወሰድ። የቀን መቁጠሪያ በግድግዳ ላይ ይሰቀልና ያለፈው ቀን ማታ ማታ በእርሳስ ይሰረዝ። ለቀጠሮ የሞባይል ስልክ ደወል ይሞላ። ምድጃ ሲለኮስ ሌላ ሥራ አይጀመር፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መሥራት ለደከመ አእምሮ ዋነኛ ጠላት ነውና።

ከሁሉ በላይ አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ከሰውየው ኪስ አትለይ። በአንድ ገጽ የዕለቱ ሥራ፣ በሌላው የተነገረው ወሬ፣ በመጨረሻው ገጽ የሰዎች ስምና የስልክ ቍጥር ይጻፍባት። ይህ ልማድ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሚኒስትሩም ነጋዴውም ደብተር ይይዛል። ነገር ግን የሚጀመረው ድክመቱ ቀላል ሳለ መሆን አለበት፤ ኋላ ለመማር ይከብዳልና።

ከመነኮሳቱ የተገኘ ትምህርት

በአንጎል ላይ የደረሰው ጉዳትና የሰውየው ኑሮ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን የሚሄዱ አይደሉም። ዴቪድ ስኖውደን የተባሉ ተመራማሪ በ1986 በሚኔሶታ በአንድ የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ዘንድ ምርምር ጀምረው ነበር። በኋላም ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆነ 678 መነኮሳት በየጊዜው አእምሮአቸው እንዲፈተንና ከሞቱ በኋላም አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቅደው የምርምሩ ተካፋይ ሆኑ። አብዛኞቹ አስተማሪዎች የነበሩ ሲሆን አኗኗራቸው ተመሳሳይ ስለ ነበረ እርስ በርሳቸው ለማመዛዘን የተመቹ ነበሩ።

ከነዚህ መካከል እኅት ሜሪ ተብለው የሚታወቁት መነኩሲት በ101 ዓመታቸው ሲሞቱ እስከ መጨረሻው አእምሮአቸው ንቁ ነበር፤ በፈተናም ከፍ ያለ ውጤት ያገኙ ነበር። ነገር ግን አንጎላቸው በተመረመረ ጊዜ የአልዛይመር በሽታ ምልክት በብዛት ተገኘበት። ከዚሁ ምርምር በ1997 የታተመው ሌላ ውጤት እንዳመለከተው ደግሞ፣ በአንጎላቸው የአልዛይመር ምልክት ካለባቸው መነኮሳት መካከል በደም ሥር መደፈን ምክንያት ትናንሽ የአንጎል ቁስል የተጨመረባቸው፣ ካልተጨመረባቸው ይልቅ በመርሳት በሽታ ተይዘው የመገኘታቸው ነገር እጅግ ብዙ ነበር። ይኸውም የአንጎልን የደም ሥር መጠበቅ በሽታው ባለበት ሰው እንኳ ትርፍ እንዳለው የሚያመለክት ነው።

በፊንላንድም በዶክተር ሚያ ኪቪፔልቶ መሪነት የተካሄደ ጥናት በ2015 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆነ፣ ለመርሳት በሽታ ሊያጋልጥ የሚችል ሁኔታ ያለባቸው 1,260 ሰዎች ተመርጠው ግማሾቹ ለሁለት ዓመት ያህል የአመጋገብ ምክር፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድ፣ የደም ግፊትና የመሳሰለው ክትትል በአንድነት ተሰጣቸው። እነዚህም ተራ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ በአእምሮ ፈተና የተሻለ ውጤት አገኙ። ቀደም ብለን የጠቀስነው የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያም ቀላል የአእምሮ ድክመት ላለበት ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲታዘዝለት ይመክራል።

ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም እስከ መስጊድ በእግር መሄድና መመለስ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት፣ ከእድርና ከማኅበር አለመቅረት፣ የጓሮ አትክልት መኮትኰት፣ ጋዜጣ አንብቦ በጉዳዩ መከራከር፣ እነዚህ ሁሉ እግርንም አእምሮንም የሚያሠሩ ናቸው። የሚጎዳው ብቻን መቀመጥ ነው።

ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል እንበል። በአሜሪካ አገር በ2023 ሌካኔማብ፣ በ2024 ዶናኔማብ የተባሉ መድኃኒቶች ድክመታቸው ከአልዛይመር የመጣ መሆኑ ለተረጋገጠና ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች ተፈቅደዋል። መድኃኒቶቹ የበሽታውን ጉዞ በመጠኑ ያዘገያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም፤ የአንጎል ማበጥና መድማትም ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ብርቱ ክትትል ይፈልጋሉ። ስለዚህ በገበያ «ለማስታወስ ፍቱን ነው» እየተባለ የሚቸረቸረውን ሁሉ ገዝቶ ከመዋጥ አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ ይበጃል።

ልጅ በቤት፣ ሹም በመሥሪያ ቤት

ወጣት አንባቢዎቻችን በተለይ የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው። አባቱ ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት «አባባ፣ አሁን ነገርኩዎት እኮ!» የሚል ልጅ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን ያተረፈው ነገር አባቱ ከእንግዲህ እንዳይጠይቁ ማድረግ ብቻ ነው። ጥያቄ ያቆመ ሰው ቀጥሎ ጨዋታ ያቆማል፤ ጨዋታ ያቆመ ሰው ብቻውን ይቀመጣል። «አባባ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የእድር ስብሰባ አለብዎት፤ በደብተርዎ ላይ እንጻፈው» ማለት የሚፈጀው ጊዜ ከዚያ አይበልጥም። እንግዳ ሲመጣም «እማማ፣ ይህ ማን ነው? እስቲ ያስታውሱት!» እያሉ በሰው ፊት መፈተን ትልቅ ድፍረት ነው። «እማማ፣ ከጎንደር የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው» ብሎ አስቀድሞ ስሙን ከነዝምድናው መጥራት ግን ክብርን ይጠብቃል።

ከእጃቸው ሥራ መቀማትም ደግ ሥራ መስሎ የሚታይ በደል ነው። ገበያ መሄድ የሚወዱ እናት የሚገዛው ተጽፎ ይሰጣቸው እንጂ «እርስዎ ይቀመጡ» አይባሉ። አደጋ ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ ያህል መኪና መንዳት ወይም የጋዝ ምድጃ፣ በሐኪም ምክርና ከእርሳቸው ጋር በመመካከር ይወሰን። ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ውክልናና ስለ ንብረት አስተዳደርም ሰውየው አስቦ መወሰን በሚችልበት በዚህ ጊዜ በራሱ አንደበት ተናግሮ በሕግ ፊት ቢያጸናው ኋላ ልጆች በፍርድ ቤት ከመካሰስ ይድናሉ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀመጠው ወጣት ሹምም ድርሻ አለው። ለጡረታ ወይም ለቤት ካርታ ጉዳይ የመጡ አዛውንት ባለጉዳይ አምስት ማስረጃ በቃል ተነግሯቸው ቢሄዱ በማግስቱ ሦስቱን ይዘው ይመጣሉ፤ እንደገናም ይመለሳሉ። የሚያስፈልገውን ማስረጃ፣ የቢሮውን ቍጥርና የቀጠሮውን ቀን በቁራጭ ወረቀት ላይ በጉልህ ጽፎ መስጠት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሲያነጋግሩም አንድ ነገር ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ፣ አጠገባቸው ልጃቸው ቢኖር እንኳ ፊትን ወደ ባለጉዳዩ አድርጎ መናገር ይገባል። ጉዳዩ የእርሳቸው ነውና።

ለራስህም ዛሬ ጀምር

የ25 ዓመት ወጣት ይህን ሁሉ አንብቦ «የሽማግሌ ነገር ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ሊቃውንት በ2024 እንደ ገለጹት፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶች ከሰው ዕድሜ ሁሉ ላይ ቢወገዱ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ 45 ከመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል። ከነዚህም ውስጥ የትምህርት ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ መጠጥ ማብዛት፣ በራስ ላይ የሚደርስ አደጋ፣ የጆሮ መድከምና ከሰው መገለል ይገኙበታል። በአሜሪካም ከ9,300 የሚበልጡ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች የተካፈሉበትና በ2019 የታተመ ጥናት፣ ግፊታቸው በብርቱ ሕክምና ዝቅ እንዲል የተደረገላቸው ሰዎች በተለመደው መጠን ከታከሙት ይልቅ ቀላል የአእምሮ ድክመት በ19 ከመቶ ያህል ቀንሶ እንደ ታየባቸው አመልክቷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ግፊቱን የሚለካ፣ የራስ ቁር ሳያደርግ ሞተር ብስክሌት የማይነዳ፣ ትምህርቱን የማያቋርጥ ወጣት የሽምግልናውን ስንቅ ከዛሬ ያሰናዳል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። በዚህ ድክመት ውስጥ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የትናንቱን ይረሳል እንጂ የዱሮው ትዝታው ረጅም ጊዜ አብሮት ይቆያል። የትናንት ማታ ራቱን የማያስታውሱት አባት የተማሩበትን ቤት፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን፣ የተጓዙበትን መንገድ አጥርተው ሊነግሩን ይችላሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ በዚህ እሑድ ደብተርህንና እርሳስህን ይዘህ ከእናትህ ወይም ከአባትህ አጠገብ ተቀመጥ፤ የሚነግሩህን ጻፍ፤ ጽፈህም መልሰህ አንብብላቸው። አንተ ርስትህን ታገኛለህ፤ እነርሱም ዛሬም የሚሰጡት ነገር እንዳላቸው ያውቃሉ።